እናቴ በስልክ ያየችው የድንጋይ ዘመን ቤት

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚሁ ጀርመን፣ ኡልም ከተማ ነው። ባለፈው ጸደይ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ስለ “ፋልባውተን” አጥንተሽ ለክፍል ጓደኞችሽ ንገሪ የሚል ነው። በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ቤቶች ማለት ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ሐይቅ ዳር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የሠሯቸው። ወረቀቱ ላይ ሥዕል አለ። የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ በሩ ላይ ቁጭ ያለች ሴት።

ልጄ ሥዕሉን አየት አደረገችና “አባዬ፣ ይሄ ሳሎን ያለው ቤት ነው አይደል?” አለችኝ።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አለ። የአያቴ ጎጆ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ። በሩ ላይ አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ልጄ አልተሳሳተችም። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፣ ሣሩም ያው ሣር። ችግሩ ከሥዕሉ በላይ በትልቁ “የድንጋይ ዘመን” ተብሎ መጻፉ ነው። አያቴ ያረፈችው በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ነው። ሬዲዮ ትሰማ ነበር። ለሰው የምትተርፍ፣ አገር የሚያማክራት ሴት ነበረች።

ያን ቀን ለልጄ የሰጠኋት መልስ ለራሴም አላጠገበኝም። “ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም” አልኳት። እንዴት እንደሚለይ ስትጠይቀኝ ግን ተያዝኩ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳችንን ይዘን ወጣን።

ከኡልም ወደ ደቡብ በባቡር ትንሽ ሄዶ ባድ ሹሰንሪድ ይደረሳል። ከዚያ አጭር የአውቶቡስ መንገድ ነው፣ ባድ ቡሃው የምትባል ትንሽ ከተማ። ከከተማዋ አፍንጫ ሥር ፌደርዜ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ዙሪያው ረግረግ ነው። ሰፊ፣ ዝም ያለ፣ ሸምበቆ የሞላበት መሬት። አካባቢው ከ1939 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ከአያቴና ከሐረማያ ነገር በቀር ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሕግ የተጠበቀ የተፈጥሮ ክልል ነው። ሙዚየሙ እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ከጀርባው በኩሬና በሣር መካከል እንደገና የተሠሩ የድንጋይና የነሐስ ዘመን ቤቶች ቆመዋል። የእኛ ጉዞ ለእነሱ ነበር።

ከቤቶቹ በፊት እንዴት እንደተገኙ ልናገር። ነገሩ የሚገርም ነው።

በ1854 መጀመሪያ፣ በአውሮፓ የብርድ ወራት፣ የዙሪክ ሐይቅ ውኃ ከወትሮው በጣም ጎደለ። ሰዎች ከጭቃው ውስጥ የተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች፣ የድንጋይ መጥረቢያና የሸክላ ስባሪ አገኙ። ፈርዲናንድ ኬለር የሚባል የዙሪክ ተመራማሪ ጉዳዩን ያዘውና እዚህ ውኃ ላይ መንደር ነበረ ብሎ ጻፈ። አውሮፓ ጉድ አለ። ከዚያ በኋላ በአልፕስ ተራሮች ዙሪያ ያሉ ሐይቆች ሁሉ ይፈለጉ ጀመር። እዚህ ፌደርዜ አጠገብ ደግሞ በ1875 ኦይገን ፍራንክ የተባለ የደን ሹም ከረግረጉ ውስጥ የድንጋይ ዘመን ቤት ወለል አገኘ። ሰዉ ለማገዶ የሚሆነውን ጥቁር አፈር እየቆረጠ ያወጣ ነበር። ያ አፈር የበሰበሰ ዕፅዋት ክምችት ነው፤ ሲደርቅ እንደ ከሰል ይነዳል። ማገዶ ሲቆረጥ ቤት ወጣ ማለት ነው። ዛሬ ከእነዚህ መንደሮች ውስጥ 111 ያህሉ፣ ስድስት አገሮች ውስጥ ያሉት፣ ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

አንዱ እኔ ሰፈር አጠገብ ነው። ኡልም ዳር፣ ኤረንሽታይን። በ1952 ተገኘ፤ ወደ 6,000 ዓመት ይጠጋዋል። ዛሬ ብትሄዱ የምታዩት ሣር ብቻ ነው። የቀረው እንዳይበላሽ ከመሬት በታች ተትቷል። ስንት ዓመት በዚያ በኩል በብስክሌት ሳልፍ ከሥሬ ሰፈር እንዳለ አላውቅም ነበር።

ወደ ቤቶቹ ልመለስ።

የመጀመሪያው ቤት በር ዝቅ ያለ ነው። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀው፤ የጭስ ሽታ ነው። የደረቀ ጭቃ፣ የቆየ ጭስ፣ የሣር ክዳን። ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ። ልጄ እጄን ይዛ “ምን ሆንክ?” አለችኝ። ምንም አልኳት።

ቤቱ አራት ማዕዘን ነው፣ እንደ እኛ ጎጆ ክብ አይደለም። ሁለት ክፍል አለው። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ከጭቃ የተሠራ፣ ጀርባው ጉብ ያለ የዳቦ ምድጃ አለ። ከኋላ ባለው ክፍል የእሳት ቦታ። እኛም ጋ ሳሎኑ ሌላ፣ ጓዳው ሌላ ነው። ወለሉ ጎን ለጎን የተደረደረ ግንድ ነው፣ በላዩ ጭቃ ተለቅልቆበታል። ረግረግ ላይ ስለሆነ ያለ ግንድ አይቻልም።

አንድ ጽሑፍ ፊት ብዙ ቆየሁ። በቁፋሮ የተገኙት ወለሎች አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ናቸው ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ረግረጉ ክብደት አይችልም፤ ምድጃው ከባድ ስለሆነ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሲሰምጥ ሴቶቹም ሆኑ ወንዶቹ በላዩ ሌላ ጭቃ ይጨምራሉ። እንደገና ይሰምጣል፣ እንደገና ይጨምራሉ። እዚያው ቦታ፣ ያው ምድጃ። ቤቶቹ ራሳቸው ብዙ አይቆዩም ነበር፤ እንጨቱ እርጥብ መሬት ላይ በአሥርና በሃያ ዓመት ይበሰብሳል። ሰዎቹ ነቅለው ሌላ ቦታ ይሠሩ ነበር። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። እኔ ራሴ ጀርመን ከመጣሁ አራት ቤት ቀይሬያለሁ። አራቱም ቦታ መጀመሪያ የማስቀምጠው የቡና ረከቦቱን ነው።

ብዙ ሰው እነዚህ ሰዎች ሁሉ ውኃ ላይ ተንሳፍፈው የኖሩ ይመስለዋል። ተመራማሪዎቹም በዚህ ለመቶ ዓመት ያህል ተከራክረዋል። መልሱ እንደ ቦታው ነው። ቦደንዜ በሚባለው ትልቁ ሐይቅ ውኃው በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ቤቶቹ በምሰሶ ከፍ ተደርገው ይሠሩ ነበር። ፌደርዜ ላይ ግን ከሐይቁ ጥግ፣ ረግረጉ ላይ፣ ወለሉ መሬት ይዞ ነበር የሚሠሩት።

ሙዚየሙ ውስጥ ከመስታወት በስተጀርባ ያሉትን ነገሮች ልጄ አንድ በአንድ ጻፈች። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2900 ገደማ የሆኑ የእንጨት ጎማዎች አሉ፤ በአካባቢው ረግረግ የተገኙ፣ በአውሮፓ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ውስጥ የሚቆጠሩ። ለእሷ ትልቁ ነገር እሱ ነበር። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር እህሉ ነበር።

ተልባ። እዚያው አለስሃውዘን የምትባል መንደር አጠገብ ከ4,900 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ሰፈር ተቆፍሮ የተልባ ቅሪት በብዛት ተገኝቷል። ሰዎቹ ተልባ በሰፊው ይዘሩ ነበር። ፍሬውን ይበሉታል፣ ከአገዳው ደግሞ ክር ፈትለው ጨርቅና መረብ ይሠራሉ። እኛ ተልባን የምናውቀው ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በጥብጠን በጾም ነው። ልብስ ይሆናል ብሎ ያሰበ ከእኛ ቤት ማንም የለም።

ሌላው አጃ ነው። የጥንቱ አጃ ማለቴ ነው፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ በፓኬት የሚሸጠውንም አጃ ስለምንለው ነገሩ ግር ያሰኛል። የጥንቱ አጃ ገለባው ፍሬውን አጥብቆ የያዘ የስንዴ ዘር ነው። ከሐይቅ ዳር ሰዎች ዋና ዋና እህሎች አንዱ እሱ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ዛሬ ጥቂት ገበሬ ብቻ ነው የሚዘራው። አገራችን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ይዘራል፣ ለአራስ ገንፎ ይሆናል፣ አጥንት ይጠግናል ይባላል። መስታወት ውስጥ ጠቁሮ የተቀመጠውን ፍሬ ሳይ ሙዚየም ውስጥ ያለሁ አልመስል አለኝ። አጠገቡ ወፍጮና መጅ አለ። ወፍጮው መሀሉ ተበልቶ እንደ ኮርቻ ጎብጧል። እዚያ ድንጋይ ላይ የተንበረከከችው ሴት ወገቧን እንዴት እንዳመማት አያቴ በቀጥታ ትነግራችሁ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንዱ ቤት ጥግ ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሽበት ያላት የሙዚየሙ ሠራተኛ ለልጆች የግድግዳ አሠራር እያሳየች ነው። እንጨት ተተክሏል፣ በመሀሉ ቀጫጭን ጭራሮ እንደ ቅርጫት ተጠልፏል። ገንዳ ውስጥ ጭቃና ጭድ አለ። ልጆቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይለጥፋሉ። ልጄ ከሁሉ ቀድማ ገባች።

እኔ ቆሜ አየሁ። ልጅ እያለሁ ጭቃ የረገጥኩት ትዝ አለኝ። ሱሪ እስከ ጉልበት ተጠቅልሎ፣ ከአጎቶቼ ልጆች ጋር በደቦ። እግር ጣት መሀል እየገባ የሚያልፈው ቅዝቃዜ። የጭዱ ኩርኩር ማለት። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ረግጫለሁ እንጂ አላውቅም። ስንት ጭቃ ለስንት ጭድ፣ ስንት ቀን ያድራል፣ መጀመሪያ የቱ ይለጠፋል፤ አንዱንም አላውቅም። ትልልቆቹ ይነግሩናል፣ እኛ እንረግጣለን። ከዚያ እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ከተማ ሄድኩ፣ አገር ለቀቅሁ።

ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት።

“እማዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።”

“ምንድን ነው? ደኅና ናችሁ?”

“ደኅና ነን። ይሄን ግድግዳ እዪልኝ።”

ስልኩን አዞርኩት። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ “የት ሄዳችሁ ነው? ማን ነው ጭቃ የሚሠራው?” አለች።

“እዚሁ ጀርመን ነው። የጥንት ሰዎች ቤት ነው። ስድስት ሺህ ዓመት።”

“ኧረ ተው! እስቲ ጠጋ አድርገው።” ጠጋ አደረግሁት። “ጭዱ አንሷል” አለች ወዲያው። “እንደዚህ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ደግሞ አላደረም። መቼ ነው ያቦኩት?”

ሠራተኛዋን በጀርመንኛ ጠየቅኳት። ለልጆቹ ማሳያ ስለሆነ ዛሬ ጠዋት ነው ያቦካነው አለችኝ። ለእናቴ ነገርኳት።

“ታዲያ! ጭቃ እንደ ሊጥ ነው፤ ካላደረ አይዝም። ሳምንት ይደር፣ በየቀኑ ይረገጥ። ሲሸት ያኔ ደረሰ ማለት ነው። መጀመሪያ ምርጊቱን ይምቱ። እሱ ደርቆ ከሰነጠቀ በኋላ ነው ልስን። እበቱ ልስኑ ላይ ነው የሚገባው፣ ምርጊቱ ላይ አይደለም። በል ንገራት።”

እየተረጎምኩ ነገርኳት። ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከኪሷ ትንሽ ደብተር አወጣች። ጻፈች። በመሀል ቀና ብላ “ምን ዓይነት ጭድ ነው የምትጠቀሙት?” አለችኝ። የጤፍ ጭድ ነው አልኳት። ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ይይዘዋል። ቃሉን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ፣ ፊደል በፊደል ነገርኳት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ለእናቴ በጀርመንኛ አመሰገነች። እናቴ ምኑም ሳይገባት “አሜን፣ አሜን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አለቻት።

ሴትዮዋ የነገረችኝን አልረሳውም። እኛ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው የለንም፤ የምሰሶው ጉድጓድና የጭቃው ቁራጭ ብቻ ነው ያለን፤ ሌላውን እየሠራን፣ እየፈረሰብን ነው የምንማረው አለችኝ። እነሱ ስድስት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው በሙከራ የሚፈልጉት ነገር እናቴ እጅ ላይ አለ። ዕድሜዋ ሰባ አራት ነው። እስከ ዛሬ ቁጭ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኳትም።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝን በግልጽ ልናገር። የእኛ ጎጆ ሲፈርስ ምንም አይተርፍም። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ ጭቃው ወደ መሬቱ ይመለሳል፣ ክዳኑን ንፋስ ይወስደዋል። ረግረግ ውስጥ ያለው ግንድ የቆየው አየር ስላላገኘው ነው፤ አየር ከሌለ የሚያበሰብሰው ነገር አይኖርም። እኛ አገር ቤቱ የሚሠራው ደረቅ መሬት ላይ ነው። የአያቴ ጎጆ የነበረበት ቦታ ዛሬ ቆርቆሮ ቤት አለ። ቆርቆሮው ክፉ ነው አልልም፤ እናቴ ራሷ ዝናብ ስለማያስገባ ትወደዋለች፣ ክዳን በየጊዜው ከመቀየር ገላግሏታል። ግን ያ አሠራር የሚቀመጥበት ረግረግ የለንም። ያለው የእናቶቻችንና የአጎቶቻችን እጅ ነው።

ለልጄ ላገኝላት ያልቻልኩትን መልስም እዚያው አገኘሁት። የሚለየው ጭቃው አይደለም። እዚህ ያለውን ቤት የሠሩት ሰዎች ስማቸውም፣ ቋንቋቸውም፣ ምን ብለው እንደሚዘፍኑም ጠፍቷል። አያቴን ግን እናውቃታለን። በስሟ እንጠራታለን። ቤቷን የሠሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ እናቴ አንድ በአንድ ትቆጥራለች፤ ማን ምሰሶውን እንደተከለ፣ ማን እንደከደነ፣ ማን ጠላ ጠጥቶ ከጣሪያው እንደወደቀ። ይሄን ነገርኳት። ልጄ አሰበችበትና “እንግዲያው የእኛ ቤት የድንጋይ ዘመን አይደለም፣ የአያት ዘመን ነው” አለች። ወረቀቷ ላይ እንደዚያው ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ሄድን። ከሙዚየሙ አጠገብ የሚነሳ የእንጨት መሄጃ አለ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በሸምበቆ መሀል ይሄድና ሐይቁ ላይ ያበቃል። ሸምበቆው ከቁመቴ ይበልጣል። ንፋስ ሲነካው እንደ ደረቀ የበቆሎ ማሳ ይንኮሻኮሻል። ጣና ዳር ደንገል መሀል በታንኳ የሄደ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። መሄጃው መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ሐይቁ ድንገት ይከፈታል። ትንሽ ነው፣ አንድ ተኩል ስኩዌር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጥልቀቱም እምብዛም ነው።

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በረዶው ዘመን ሲያበቃ ሐይቁ ሠላሳ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን ነበር። ሸምበቆና ዝቃጭ እየሞላው በሺህ ዓመታት ውስጥ ጠበበ። ከዚያ የሰው እጅ ጨመረበት። በ1787 እና በ1808 ገደማ የእርሻ መሬት ለማግኘት ተብሎ ሁለት ጊዜ ቦይ ተቀድዶ ውኃው እንዲጎድል ተደረገ። የተገኘው መሬት ግን እርጥብና ደካማ ነበር፤ የተመኙትን ያህል አላበላም። ረግረጉ ሲደርቅ ደግሞ ከሥሩ የተኙት ግንዶች መበስበስ ጀመሩ። ስድስት ሺህ ዓመት የተኛ እንጨት አየር ባገኘው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ቦዮቹን እየደፈኑ ውኃውን ወደ ረግረጉ እየመለሱ ነው። ለወፎቹ ተብሎ የተጀመረ ሥራ ከመሬት በታች ያለውንም መንደር ይጠብቃል። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ መሬቱ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ። እዚያ ቆሜ ሐረማያ ሐይቅን አሰብኩ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ኋላ ላይ ውኃ ተመልሶበታል ሲባል የተሰማኝ ደስታ ትዝ አለኝ። ሐይቅ መመለስ ይችላል።

አንድ ትልቅ ጭልፊት መሰል ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ሸምበቆው ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ልጄ ጣቷን ልትቀስር ስትል ጥፍሮቿ ሥር ጭቃው እንዳለ አየሁ። ታጥባለች፣ ግን አልለቀቀም። ቤት እስክንደርስ ደግሜ አልታጠብም አለች። እሺ አልኳት።

እሑድ ጠዋት ስነሳ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት አለ። እናቴ ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ የላከችው መሆኑ ያስታውቃል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሌሊቱን ስታስብበት አድራለች። ያቺ ሴትዮ ጭዱን ስትጨምር ውኃውንም እንዳታበዛው ንገራት ትላለች። የአባቷ ቤት ሲሠራ ጭቃውን ያስቦካው ሰውዬ በጣቱ እየነካ እንዴት እንደሚለካው ትነግረኛለች፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ። መጨረሻ ላይ ልትዘጋው ስትል ቆም አለችና ጠየቀችኝ።

“ግድግዳው ደረቀ?”